ንጉሡ ስማቸውን የቀየሩ ሰሞን

አይል ኦፍ ማን ደሴት፣ የግዞት ካምፕ
ጁላይ 22 ቀን 1917

ሄቲዬ፣

ሆዴ ተሽሎኛል። ደግሞ ስለ እሱ አትጠይቂኝ፤ ሃያ ሺህ ጀርመን በታሰረበት ቦታ የአንድ ባለ ሉካንዳ ሆድ ምን ወሬ ይሆናል ብለሽ ነው? ባለፈው ሳምንት ያልጻፍኩልሽ ታምሜ ሳይሆን ለወጥ ቤታችን ሥጋ የሚያመጣው ጋሪ ነጂ ስላልመጣ ነው። በመንግሥት ፖስታ የምልከውን መርማሪዎቹ እንደ ዶሮ ስለሚነጩት እዚያ ላይ የምጽፈው ስለ ዝናብ ብቻ ነው። ይቺን ግን ጋሪ ነጂው መርከቡ ላይ ለሚሠራው ለአጎትሽ ልጅ ለኤሞስ ይሰጥልኛል፤ ስለዚህ የልቤን ልጻፍ።

ጋዜጣውን አየሽው? ንጉሡ ስማቸውን ቀየሩ! ሳክስ ኮበርግ መባል ቀረና ዊንዘር ተባሉ። ወጥ ቤታችን በሳቅ ፈረሰ ብልሽ ይቀለኛል። ፀጉር አስተካካዩ ኦቶ የሾርባ በርሜል ላይ ወጥቶ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እኔም ማንችስተር እባላለሁ፤ በሩን ክፈቱልኝ!" አለ። ሌላው ደግሞ፣ "የካይዘሩ የአጎት ልጅ ዙፋን ላይ፣ ካይዘሩን በሥዕል እንጂ በዓይናችን አይተን የማናውቅ እኛ ሽቦ ውስጥ፤ ይበጅ!" አለ።

እኔ አልሳቅኩም። የንጉሡ አያት እኮ ከእኛ ከኮበርግ የወጡ ሰው ናቸው። አያቴ ለመስፍኑ ቤት ቋሊማ አቅራቢ ነበር፤ በጥድ ፍሬ ፍም ላይ የሚጠበሰውን፣ አንቺ ጢስ ጢስ ይላል የምትዪውን። የመስፍኑ ማኅተም ያለበት የአቅራቢነት ወረቀት በላይኛው ክፍል ሣጥን ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ልብሶቹ ሥር አለ። በኤሞስ በኩል ላኪልኝ።

ለንጉሡ አቤቱታ ልጽፍ ነው። እኛ ስም መቀየር በሕግ ተከልክለናል፤ ሳቸው ግን ቀየሩ። ለሳቸው የተፈቀደ ለአገራቸው ልጅ እንዴት ይከለከላል? ድሬሰል መባሌ ይቅር፣ በአባትሽ ስም ኦግደን ልባል፣ ቤቴም ልግባ እላቸዋለሁ። ትንሿ ልጃችንን ኢዲትን ሳሚልኝ። ልጄ ዊልፍስ እንዴት ነው? ይጽፍልሻል?

ሊዮንሃርት

ባትሊ
ጁላይ 30 ቀን 1917

ሊዮን፣

እግዜር ይስጥህ፣ ስንት ጊዜዬ ሳልስቅ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ላንተ ነው። ወረቀቱ የለም። ጀርመኖች ናቸው ብለው የሉካንዳውን መስታወት የሰበሩብን ዕለት፣ ሰዎቹ ደረጃውን ሳይወጡ በፊት ምድጃ ውስጥ የጨመርኩት እኔው ነኝ። እንዳታዝን ብዬ ሁለት ዓመት ደበቅኩህ፤ ይቅር በለኝ።

ስለ ሉካንዳው በር ጽሕፈት ቀደም ባለ ደብዳቤህ ጠይቀኸኝ ነበር። አዎ፣ "ኦግደን" ብዬ ቀለም ቀብቼው ነበር። ከዚያ ፖሊሱ አርተር መጥቶ፣ "ሄቲ፣ ሕግ ነው፣ ምን ላድርግ" ብሎ አስፋቀኝ። አፍንጫውን እየጠረግኩ ያሳደግኩት አርተር! እዚሁ ባትሊ ተወልጄ፣ አባቴ እዚሁ ተቀብሮ፣ አንተን አግብተሻል ተብዬ ጀርመን ሆንኩልህ። ከአምስት ማይል ማለፍ ካማረኝ የአርተርን ፈቃድ እለምናለሁ።

ስለ ንጉሡ ግን ስማኝ። ይሄ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ሳቸው ኮበርግ የሚባል አገር ከነጭራሹ እንዲረሳላቸው ሲለፉ፣ አንተ "ያገርዎ ልጅ ነኝ" ብለህ ደጃቸው ልትቆም? ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ። ተወው።

ዊልፍ ደህና ነው። ሪፐን ካለው ማሠልጠኛ፣ ከመኮንኖቹ ወጥ ቤት አልወጣም። ሻምበሉ እሱ ያልጠበሰውን ሥጋ አልቀምስም ይላሉ አሉ። ወደ ፈረንሳይ የሚዘምቱትን ሲመርጡ ሁለት ጊዜ አልፈውታል። እዚያ ዊልፍሬድ ኦግደን ነው፤ በእኔ አባት ስም እንደተመዘገበ ከእኔ፣ ካንተና ከኤሞስ ሌላ የሚያውቅ የለም። እንዲሁ ይቆይልኝ። ሊዮን፣ ጉልበትህን ልሳም፣ የልጁን ስም በአፍህም በብዕርህም እንዳታነሳብኝ።

ሄቲ

የግዞት ካምፕ
ኦገስት 6 ቀን 1917

ሄቲዬ፣

በወረቀቱ ነገር ሁለት ቀን አኩርፌ ነበር። ኦቶ፣ "ለመቶ ዓመት ቋሊማ ደረሰኝ ታለቅሳለህ እንዴ?" ሲለኝ ግን ሳቄ መጣ። አላዘንኩብሽም። ቤቱን ያዳንሽው አንቺ ነሽ።

ነገር ግን ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። አቤቱታውን በጁላይ 25 ልኬዋለሁ። እንዳትቆጪ፤ እንደ ለማኝ አልጻፍኩም። እዚህ ያለ አንድ የሊድስ የቋንቋ መምህር እንግሊዝኛውን አቃንቶልኛል፣ አምስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፣ አንድም የቀለም ጠብታ የለበትም።

የጻፍኩትም እንደ አገራችን ደንብ ነው። በእኛ ዘንድ ለመስፍኑ አቤት የሚል ሰው ቤተሰቡን በሙሉ በስም፣ በዕድሜ፣ ባሉበት ቦታ ይዘረዝራል። አንድ ሰው ያጎደለ እንደሆነ ዋሽቷል ተብሎ አቤቱታው ሳይነበብ ይመለስ ነበር። አባቴ ለመስፍኑ ሲጽፍ በሕፃንነቷ የሞተችውን እህቴን እንኳ አልዘለላትም፤ "መስፍን አባት ነው፣ ከአባት አይደበቅም" ይለን ነበር። ንጉሡም የዚያው ቤት ልጅ ናቸው፤ ደንቡን ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

ገና ለገና ተስፋ ማድረግ ጀምሬያለሁ፣ አትሳቂብኝ። የበሩን ቀለም አስቀምጪው።

ሊዮንሃርት

ባትሊ
ኦገስት 13 ቀን 1917

ሊዮን፣

ሰላምታ የለኝም። ቤተሰቡን በሙሉ አልክ? ዊልፍንም? አዎ ወይም የለም በለኝ። ሌላ አንድ ቃል እንዳትጨምር።

ሄቲ

የግዞት ካምፕ
ኦገስት 21 ቀን 1917

ሄቲ፣

አዎ።

አንድ ቃል እንዳልጨምር ብለሻል፤ አልቻልኩም። የጻፍኩት ይሄን ነው፦ "ልጄ ዊልፍሬድ፣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፣ በእናቱ አባት ስም ኦግደን ተብሎ በግርማዊነትዎ ጦር ውስጥ ሪፐን ላይ በታማኝነት ያገለግላል።" ሌላ ምን አለኝ? ለንጉሥ የምሰጠው ምን አለኝ ሄቲ? የተቃጠለ ወረቀትና ልጄ ብቻ። ልጄ ለሳቸው ሊሞት ፈርሞ ሳለ፣ ይሄን ደብቄ ስለ አያቴ ቋሊማ ላውራ? ደግሞም ስም መቀየር ነውር ቢሆን ሳቸው ባልቀየሩ ነበር፤ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ግን ግልባጩን አውጥቼ ደጋግሜ አነበዋለሁ። ምናልባት አያነቡት ይሆናል። በየቀኑ ስንት ሰው ይጽፍላቸው የለም? አላነበቡትም በይኝ። ፈራሁ።

ሊዮንሃርት

ባትሊ
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1917

ሊዮን፣

"አዎ" ያልክበትም፣ ከዚያ ወዲህ የላክሃቸው ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል።

አንብበውታል። ማን እንዳነበበው አላውቅም፤ ንጉሡ አይመስሉኝም። ሁለት ሰዎች መጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ያንተ ወንበር ላይና የዊልፍ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጨዋ ናቸው፣ ሻይም ጠጥተዋል። አንደኛው፣ "የዊልፍሬድ ኦግደን እናት ነሽ ወይስ የዊልፍሬድ ድሬሰል?" አለኝ። "የዊልፍ እናት ነኝ" አልኩት። ይህንንም ጻፈው።

ሻምበሉ ጥሩ ስለ መሰከሩለት አልከሰሱትም። ስሙን ግን አቃኑለት፤ አሁን ድሬሰል ነው። የጀርመን ልጆች ተለቅመው ከገቡበት ጓድ ጨመሩት፤ ጠመንጃ አይሰጧቸውም፣ አካፋ ነው የሚሰጧቸው። ወደ ፈረንሳይ ተሻግሯል። ሊሄድ መሆኑን እንደ ሰማሁ ሪፐን ድረስ ልሸኘው አርተርን ፈቃድ ጠየቅኩት። አርተር ምስኪኑ ሩጫ በሩጫ ሆነ፤ ወረቀቱ ግን ከሊድስ እስኪመጣ ሦስት ቀን ፈጀ። ስደርስ የነበረበት ሰፈር ባዶ ነበር። አንድ ወታደር ወለሉን ይጠርግ ነበርና "የቋሊማዎቹን ባቡር ነው? ትናንት ሄደ እኮ፣ እማማ" አለኝ። እነዊልፍን የሚጠሯቸው እንዲያ ነው።

ልጄን ሳልስመው ሄደ። ዛሬ ጥሩ ሚስት ሁኚ አትበለኝ፤ አልችልም። ከመሄዱ በፊት በጻፈልኝ ደብዳቤ ላንተም አንድ መሥመር ጽፏል። አሁን አልነግርህም፤ እስኪ ልቤ ይብረድልኝ።

ሄቲ

የግዞት ካምፕ
ኦክቶበር 7 ቀን 1917

ሄቲ፣

የሰደብሽኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። ያልሰደብሽኝንም ራሴ ጨምሬበታለሁ።

መልስ መጣልኝ። አራት መሥመር ነው። አቤቱታዬ እንደ ደረሰ፣ የጠላት አገር ዜጋ ስሙን መቀየር የተከለከለ እንደሆነ፣ ከካምፕ የመለቀቄም ጉዳይ እነሱን እንደማይመለከት ይገልጻል። ፊርማውን ማንበብ አልቻልኩም። ስለ ኮበርግ አንድም ቃል የለበትም። ኦቶ እጄ ላይ አይቶት ይቀልዳል ብዬ ስጠብቅ ምላጩን አውጥቶ ጢሜን ላጨኝ። በዚህ ጦርነት ውስጥ እንደ እኔ ያለ ጅል ያለ አይመስለኝም። አያቴ መስፍኖቹን ያውቃቸው ነበር፤ እኔ ግን የማውቀው የአያቴን ወሬ ብቻ ነበር።

ዊልፍ ያለበትን አድራሻ ላኪልኝ። እዚህ ሰዉ ሁሉ የከብት አጥንት እየፋቀ ጌጥ ይሠራል፤ አጥንቱን የማድላቸው እኔ ስለሆንኩ ምርጡን ለራሴ አስቀርቼ ለልጁ የቢላዋ እጀታ እየሠራሁለት ነው። ብርድ ልብስ አለው? እግሩ ሲረጥብ ጉሮሮው ያብጣል፤ ለአለቃው ንገሪው። ላንተ ጻፈ ያልሽኝንም መሥመር ላኪልኝ፤ ስድብም ቢሆን ከእሱ የመጣ ነው።

ዊልፍ እንዴት ነው?

ሊዮንሃርት

ባትሊ
ኖቬምበር 4 ቀን 1917

ውድ ሊዮን፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ሆድህን ጠብቅ፤ ብርዱ ገብቷል። ኢዲት የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አባትሽን ትመስያለሽ እያልኩ አበሽቃታለሁ። ኮቷን ጥቁር ነከርኩት፤ ቆሻሻ አይታይበትም።

ሉካንዳውን ባለፈው ወር ሁለት ሳምንት ዘግቼ ነበር፤ አሁን ከፍቻለሁ። ከጎረቤት ሰላም ነን። ወይዘሮ ሰግደን እንኳ፣ መስታወታችን ሲሰበር ከማዶ ቆማ ያጨበጨበችው፣ ባለፈው ሾርባ ይዛ መጣች። እስከ ምሳ ሰዓት አብራኝ ተቀመጠች። ሰው ይለወጣል። አርተርም ሲያልፍ ኮፍያውን ያነሳልኛል።

የቢላዋውን እጀታ አትላከው፤ በዚህ ጊዜ ፖስታ ይጠፋል። አንተው ዘንድ ይቆይ።

ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል።

ሄቲ

የግዞት ካምፕ
ዲሴምበር 9 ቀን 1917

ሄቲዬ፣

ከኖቬምበር 4ቱ ደብዳቤሽ ወዲህ የላክሻቸውን ሁለቱንም አነበብኩ፤ መልሼም አነበብኩ። ስለ ዝናብ ጽፈሽልኛል። ስለ አርተር የጉልበት ሕመም ጽፈሽልኛል። የሰግደኖች ድመት ስንት እንደወለደች አውቃለሁ። ድሮ በአንድ ገጽ ላይ "ዊልፍ" የሚለውን አሥር ጊዜ የምትጽፊው ሴትዮ፣ በሦስት ደብዳቤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍሽውም።

ተቀይሞኝ ነው? አባትህ አትበይኝ ብሎሽ ነው? ይበል። የፈለገውን ያህል ይቀየመኝ፣ ሽማግሌ እስኪሆን ይቀየመኝ፤ ቂም የሚይዝ ሰው በሕይወት ያለ ነው። ቆስሎ እንደሆነም ንገሪኝ። እጁም ሆነ እግሩ ቢጎድል ሉካንዳ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ሞልቷል፤ አስቤበታለሁ።

እዚህ ሰዎች ፊቴን አይተው ምን ሆንክ ይሉኛል። ኦቶ፣ "ሴቶች ሲከፋቸው ስለ ድመት ይጽፋሉ፣ አትጨነቅ" አለኝ። ኦቶ አላገባም፣ ምን ያውቃል።

እባክሽን። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። ዊልፍ እንዴት ነው?

ሊዮንሃርት

ባትሊ
ጃንዋሪ 6 ቀን 1918

ሊዮን፣

መጀመሪያ ተቀመጥ። ኦቶም አጠገብህ ይቀመጥ።

ልጃችን ሞቷል። ኦክቶበር 9 ቀን ነው፤ አንተ ስለ ብርድ ልብሱ ከጻፍክ በሁለተኛው ቀን። ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ፣ ከግንባሩ ራቅ ብለው፣ ጭቃ ውስጥ የጋሪ መንገድ ሲጠግኑ የመድፍ ጥይት ወደቀባቸው። አምስት ናቸው፤ አምስቱም የጀርመን ልጆች። የተኮሰባቸውም ጀርመን ነው። ምንም አልተሰማውም ብለው ጽፈዋል፤ ለሁሉም እናት እንዲህ እንደሚጽፉ ወይዘሮ ሰግደን ነገረችኝ፤ ለሷም ባለፈው ዓመት ልጇ ሲሞት እንዲሁ ነው የተጻፈላት።

ወረቀቱ ሲመጣ "ወታደር ድሬሰል" ይላል። ሊዮን፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ለጥቂት ጊዜ የማን ልጅ ይሆን አልኩ። በእኔ ልብ ወታደሩ ኦግደን ነበር፤ ኦግደንን ማንም አልነካብኝም። ከዚያ ነው ቁጭ ያልኩት። ኢዲት መጥታ እስክታነሳኝ እዚያው ሉካንዳው ወለል ላይ፣ የመጋዝ ብናኙ ላይ ነበርኩ።

መቃብሩ ላይ እንኳ በፈለገው ስም ይጻፍለት ብዬ አመለከትኩ። መልሱ ሁለት መሥመር ነው፤ ካንተ ያነሰ። በተመዘገበበት ስም ነው የሚጻፈው፣ ሌላውን ሕጉ አይፈቅድም። ንጉሡ ስማቸውን እንደ አሮጌ ኮት አውልቀው ጣሉ፤ ልጄን ግን ከመቃብር በፊት መልሰው አለበሱት። ያለበሱት እነሱ ናቸው፤ ያቀበልካቸው አንተ ነህ። ይሄን ለመጻፍ ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ አሁን ጻፍኩት።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ያልኩህ አዝኜልህ እንዳይመስልህ። ገና አላዘንኩልህም። አንድ ቀን አዝንልህ ይሆናል፤ ደግ ሰው እንደሆንክ አውቃለሁ፣ የገደለንም ደግነትህ ነው። ዝም ያልኩት ለራሴ ነው። እዚህ ሁሉም ሰምቷል። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ጎበዝ ልጅ ነበር" ይሉኛል። ነበር፣ ነበር፣ ነበር። ካንተ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ብርድ ልብስ አለው ወይ ይላል። ጉሮሮው ያብጣል ይላል። ሉካንዳ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ አስቤለታለሁ ይላል። የመጨረሻዋን ወደ አርባ ጊዜ ሳላነባት አልቀርም። ምድር ላይ አንድ ሰው ቤት ልጄ ቆሞ ይሄድ ነበር፤ እኔም እዚያ እየሄድኩ አየው ነበር። ኤሞስ፣ "ኧረ ለሰውዬው ንገሪው፣ ግፍ ነው" ቢለኝ አልሰማሁትም።

ያስቀመጥኩብህ መሥመር ይሄው። ልክ እሱ እንደጻፈው፦ "ለአባባ ንገሪው፣ እዚህ ሁሉም የቋሊማ ሠሪ ልጅ ነው፤ ሽማግሌው ቢመጣ ጄኔራል ያደርጉት ነበር። አልተቆጣሁም በይው። ይሄ ግን ውሸት ነው፤ ስመጣ ጥሩ አድርጌ እቆጣዋለሁ።"

አትጻፍልኝ አላልኩህም። ጻፍ፤ ሚስትህ ነኝ፣ ሌላ የምጽፍለትም የለኝም። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ግን አልዋሽህም። ስለ ሆድህ ጻፍልኝ፣ ስለ ኦቶ ጻፍልኝ፤ እኔም ስለ ኢዲትና ስለ ዝናቡ እጽፍልሃለሁ። ዊልፍ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ከእንግዲህ የለም።

ሄቲ